ፈረሱን ማመን ወይስ ነጋዴውን? የፈረስ ግብይትና የመተማመን ጥያቄ በጣና ዙሪያ

የቆጋ ግድብ ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከመራዊ ከተማ አጠገብ ነው። 7 ሺህ ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ የተሠራው ይህ ግድብ የሜጫ አካባቢ ገበሬ የዝናብ ወቅት ሳይጠብቅ በበጋም እንዲያመርት አስችሎታል። ድንቹ፣ ሽንኩርቱና ስንዴው ከማሳ ሲነሣ ግን መኪና በየማሳው ዳር አይደርስም። ያ ጎዶሎ መንገድ የሚሞላው በአህያ ጀርባና በፈረስ ጋሪ ነው። በከተማውም ቢሆን አሸዋ፣ ብሎኬትና እህል የሚያመላልሰው ባለ ጋሪ እንጀራው በአንድ ፈረስ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ስለዚህ ፈረስ የሚገዛ ሰው የቤቱን ጥሪት ይዞ ነው ወደ ከብት ተራ የሚወጣው። ገንዘቡ በአንድ ረፋድ ከእጁ ይወጣል፤ ፈረሱ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚታወቀው ግን ከሳምንታት በኋላ፣ ጋሪ ጎትቶ፣ ዳገት ወጥቶ፣ ዝናብ መትቶት ነው። በዚህ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው የሻጩ ቃል ብቻ ነው። ያ ቃል በምን ይመዘናል? ለዚህ ጥያቄ ሦስት መልሶች ሲሰጡ ኖረዋል። አንደኛው «ፈረሱን እይ» ይላል፣ ሁለተኛው «ሰውየውን እወቅ»፣ ሦስተኛው ደግሞ «ውልና ሐኪም ይኑር»። ይህ ዳሰሳ ሦስቱንም በየተራ ይመረምራል።

ከባሶ እስከ መራዊ

ጥያቄው በጎጃም ምድር አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከታላላቆቹ የአገሪቱ ገበያዎች አንዱ በደቡብ ጎጃም፣ በየጁቤ አካባቢ የነበረው ባሶ ነው። ከዓባይ ማዶ የሚመጣው የደቡብ ንግድና ከጎንደር በኩል የሚወርደው የሰሜን ንግድ እዚያ ይገናኙ ነበር። ከጣና በስተ ምሥራቅ ደግሞ የፎገራው ይፋግ ነበር። ክፍያው አሞሌ ጨው ወይም የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። ሻጭና ገዢ ቋንቋቸውም አገራቸውም የተለያየ፣ ዳግም ላይገናኙ የሚችሉ እንግዶች ነበሩ። ዛሬ «የማይታወቅ ነጋዴ» የምንለው ችግር በዚያ ዘመንም በሙሉ ክብደቱ ነበረ።

በዚያ ዘመን የተሳሳተ ፈረስ መግዛት ነፍስ ያስከፍል ነበር። ፈረስ የጦር ሜዳ አጋር በመሆኑ መሪዎች በፈረስ ስማቸው ይጠሩ ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደተባሉት። መሳፍንቱ ግን በገዛ ዓይናቸው ብቻ አልተማመኑም። የፈረስና የበቅሎ ነገር የሚመለከተው ባልደራስ የሚባል ሹም ነበራቸው። ፈረስ የማወቅ ችሎታ በቤተ መንግሥት ሥልጣን ያለው ሙያ ሆኖ መቆሙ ራሱ፣ ይህን ዕውቀት ማንም ሰው በእጁ እንደማያገኘው የታወቀ እንደነበር ያሳያል። ተራው ገዢ ያኔም ዛሬም ባልደራስ የለውም።

መኪና ከመጣ በኋላ ፈረስ ከጦር ሜዳ ወጣ እንጂ ከሥራ አልወጣም። በኢትዮጵያ 2 ሚሊዮን ያህል ፈረሶች እንዳሉ ይገመታል። የሚገዙበት ምክንያት ግን ተከፋፍሏል፤ አንዱ ለጋሪ፣ አንዱ ለግልቢያና ለበዓል፣ ሌላው ባዝራ ገዝቶ በቅሎ ለማስወለድ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ለጋልቢ ዋናው ነገር ፍጥነትና ልጓም መታዘዝ ነው። ለባለ ጋሪ ከባጃጅ ጩኸት የማይደነብር፣ እግሩ የጸና ፈረስ ይበልጥበታል። ባዝራ የሚገዛ ደግሞ ማህፀኗን ከውጭ ሊያየው አይችልም። «ደህና ፈረስ ነው» የሚለው የነጋዴ ቃል ለየትኛው ሥራ እንደሆነ ካልተጠየቀ እውነትም ሐሰትም ሊሆን የሚችል ባዶ ቃል ነው።

ውሸት፣ ዝምታና አለማወቅ

ስለ ነጋዴ ታማኝነት ሲነገር ብዙ ጊዜ ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ላይ ይወቀሳሉ። የመጀመሪያው ግልጽ ውሸት ነው፤ የ12 ዓመቱን ፈረስ «ገና ስድስት ዓመቱ» ማለት። ሁለተኛው ዝምታ ነው፤ ፈረሱ ተራጋጭ ወይም ደንባራ መሆኑን እያወቁ ገዢው እስካልጠየቀ ድረስ አለመናገር። ሦስተኛው አለማወቅ ነው፤ ሻጩም ራሱ የማያየውን ጉድለት ይዞ መሸጥ።

ሦስተኛው ከሚታሰበው በላይ ሰፊ ነው። በኢትዮጵያ የጋሪ ፈረሶችን ክፉኛ ከሚጎዱት በሽታዎች አንዱ የንፍፊትን መስመር ተከትሎ እብጠትና ቁስል የሚያወጣው የፈንገስ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመና በ28 ከተሞች 19 ሺህ ያህል የጋሪ ፈረሶችን የፈተሸ ጥናት 18.8 በመቶዎቹ በዚህ በሽታ መያዛቸውን አሳይቷል። ከአምስት ፈረሶች አንዱ ማለት ይቻላል። በሽታው ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ እብጠቱ እስኪወጣ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። በነዚያ ሳምንታት ውስጥ ፈረሱ በሦስት እጅ ሊያልፍ ይችላል፤ ሦስቱም ሻጮች ሳይዋሹ።

ከፍታም ሚና አለው። ከአዊ ደጋ፣ ከእንጅባራ አካባቢ ወርዶ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው የጣና ዳርቻ የሚመጣ ፈረስ ወደ ሞቃትና እርጥበታማ አየር ይገባል። በፈንገሱ የሚመጣው በሽታም ሆነ በትንኝ የሚተላለፈው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ከብርቱ ደጋ ይልቅ በዚህ ዓይነቱ ወይና ደጋ ይበረታሉ። ትንኞቹ የሚራቡት በረጠበ አፈር ላይ ስለሆነ የመስኖ አካባቢ ገዢ ይህን ማሰብ አለበት። ደጋ ላይ ጤነኛ የነበረ ፈረስ ወደ ወይና ደጋው ወርዶ በወሩ ቢሞት ገዢው «ተታለልኩ» ይላል፤ ሻጩ ግን ጤነኛ ፈረስ ሸጦ ሊሆን ይችላል። ይህ ልዩነት ካልተለየ ጨዋው ነጋዴ ከአታላዩ እኩል ይወቀሳል፤ አታላዩም «በሽታ ከእግዜር ነው» በሚል ሽፋን ያመልጣል።

«ፈረሱን እይ»

የመጀመሪያው ወገን አቋም ቀጥተኛ ነው፤ ሰው ይዋሻል፣ የፈረስ አካል ግን አይዋሽም። ይህ ዕውቀት በእርግጥ ሀብታም ነው። ዓዋቂ ገዢ መጀመሪያ ፈረሱን ሳይነካ ራቅ ብሎ አቋቋሙን ያያል። ጤነኛ ፈረስ የኋላ እግሮቹን እያፈራረቀ ማሳረፉ የተለመደ ነው፤ አንዱን የፊት እግር ወደ ፊት ሰድዶ የሚቆም ከሆነ ግን ያ እግር ያመዋል። ቀጥሎ ኮርቻውና ግላሱ እንዲወርድ ይጠይቃል። ገጣባ ከሆነ ይታያል፤ የዳነ ቁስል ቢሆን እንኳ በጀርባው ላይ የበቀለው ነጭ ጠጉር ያለፈውን ታሪክ ይናገራል። ከዚያ መዳፉን በአንገቱና በእግሮቹ ውስጠኛ ክፍል ላይ ቀስ አድርጎ ያሳልፋል፤ የሚፈልገው በመስመር የተደረደሩ ትናንሽ ጓጓላዎችን ነው። ኮቴውን አንስቶ ያሸታል፣ የአራቱንም ሙቀት ያነጻጽራል። በመጨረሻ በደረቅ መሬት ላይ ሶምሶማ ያስሮጠዋል። የፊት እግሩን የሚያነክስ ፈረስ ያመመው እግር መሬት ሲረግጥ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ያነሣል።

ጥርስም አለ። ፈረስ የወተት የፊት ጥርሶቹን ጥሎ በቋሚ የሚተካው ከሁለት ዓመት ተኩል እስከ አራት ዓመት ተኩል ገደማ በየተራ ነው፤ በአምስት ዓመቱ አፉ ይሞላል። እስከዚያ ድረስ ጥርስ አስተማማኝ ምስክር ነው። ከዚያ በኋላ ግን ዕድሜ የሚገመተው በጥርሱ መበላት ነው፤ መበላቱ ደግሞ እንደ መኖውና እንደ ግጦሹ አፈር ይለያያል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዕድሜያቸው በሰነድ የሚታወቅ ፈረሶችን ጥርስ በማስገመት የተደረገ ፍተሻ እንዳሳየው፣ ፈረሱ ባረጀ ቁጥር የባለሙያዎችም ግምት ይሳሳታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ነጋዴዎች የአሮጌ ፈረስን ጥርስ እየቦረቦሩና እያጠቆሩ ወጣት ያስመስሉ እንደነበርም የታወቀ ነው።

የዚህ አቋም ድካም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዓይን የሚያየው የዛሬውን ነው። የሕመም ማስታገሻ መርፌ የተወጋ ፈረስ ለአንድና ለሁለት ቀን አያነክስም፤ ለወራት ታስሮ የተቀለበ ደካማ ፈረስም ጠጉሩ ያብለጨልጫል። ጠባይ ደግሞ ጭራሽ አይታይም፤ በባለቤቱ እጅ የረጋ ፈረስ በእንግዳ እጅ ሊራገጥ ይችላል። ሁለተኛ፣ ይህ ዕውቀት የሌለው ሰው ብዙ ነው። «ገዢው ራሱ ይይ» የሚለው ምክር ለፈረሰኛው ልጅ ይበቃዋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሪ ሊጀምር ለተነሣው ወጣት ግን አይበቃውም።

የትውልድ ቦታውም ቢሆን በዓይን አይረጋገጥም። ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን ፈረሶች በስምንት ሲመድቡ ከነሱ መካከል ሰላሌ፣ ሆሮ፣ ከፋ፣ ባሌና የሐረርጌው ቁንዱዶ ይገኙበታል። የዘር መዝገብ ግን የለም። «ይህ የሰላሌ ነው» ተብሎ ዋጋ ሲጨመርበት ገዢው የሚከፍለው ለሻጩ ቃል ነው።

«ሰውየውን እወቅ»

ሁለተኛው ወገን የሚነሣው ከዚህ ድካም ነው። ፈረሱ ሊታወቅ ካልቻለ የሚያመጣው ሰው ይታወቅ። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስላገለገሉ መኪኖች ገበያ ባሳተመው ጽሑፍ ያስረዳው ነገር ለፈረስ ገበያም በትክክል ይሠራል። ሻጭ ጉድለቱን ሲያውቅ ገዢ ካላወቀ፣ ገዢው ሁሉንም በመጠርጠር ዝቅ ያለ ዋጋ ያቀርባል። በዚያ ዋጋ ደህና ፈረስ ያለው ሰው አይሸጥም፤ ገበያው የሚሞላው በጎደሎ ፈረስ ነው። በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ሆኗል። ከገበያ ሳይወጡ ከዚህ ወጥመድ ማምለጫው ስም ነው፤ ነገም የሚሸጥ ሰው ዛሬ ቢዋሽ የነገውን ያጣል። የአንትሮፖሎጂ ሊቁ ክሊፎርድ ጊርትዝ የሞሮኮን ገበያ አጥንቶ ያገኘውም ይህንኑ ይደግፋል። እዚያ ገዢ በየሱቁ ከመዞር ይልቅ ከአንድ ሻጭ ጋር ደንበኝነት መሥርቶ መመላለስን ይመርጣል።

በእኛ ዘንድ ይህ አሠራር ሁለት ጠንካራ መልክ አለው። አንደኛው ዋስ ነው። ሻጩን የሚያውቅ ሦስተኛ ሰው «ፈረሱ የራሱ ነው፣ ነገር ቢመጣ እኔን ጠይቁ» ብሎ ይቆማል። ዋስ በተለይ ስርቆትን ለመከላከል ብርቱ ነው። የጤና ዋስ ሲሆን ግን ይላላል፤ የሰውየውን ማንነት የሚመሰክር ሰው የፈረሱን ሳንባ ሊመሰክር አይችልም።

ሁለተኛው ማኅበር ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚያከብረው በዓል በሺህ የሚቆጠሩ ፈረሶች በአደባባይ ይታያሉ። ይህ በዓል ከአድዋ ፈረሶች መታሰቢያነቱ ባሻገር ለግብይትም ትርጉም አለው። በየዓመቱ በሕዝብ ፊት የሚጋለብ ፈረስ ዕድሜውም፣ ጠባዩም፣ ባለቤቱም የታወቀ ነው። በሐዘንም በሠርግም አብረው በሚቆሙ የማኅበር አባላት መካከል የዋሸ ሻጭ የሚያጣው ከአንድ ገዢ በላይ ነው፤ በአባላት ፊት ያለውን ክብር ያጣል።

ይህ መልስ ግን ወሰን አለው። የሚጠብቀው ወገንን ነው። ከሌላ ወረዳ የመጣ እንግዳ ገዢ፣ ሴት የቤተሰብ ኃላፊ ወይም ዘመድ የሌለው ወጣት ከዚህ ጥላ ውጭ ይቆማሉ። ከዚህም በላይ በወገን መካከል የማይሸጠው ጎደሎ ፈረስ ወዴት ይሄዳል? ብዙ ጊዜ ወደ እንግዳው ነው። ጥብቅ መተማመን ለውስጠኛው ጋሻ ሲሆን ለውጭኛው ሥጋት ሊሆን ይችላል።

ደላላው የማን ነው?

በእንግዳና በነጋዴ መካከል የሚቆመው ደላላ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚወቀሰውም እሱ ነው። የሚሰነዘረው ክስ የታወቀ ነው፤ ዋጋ ይቆልላል፣ ከሁለቱም ወገን ይበላል፣ ቸኩሎ ያጨባብጣል። ለሌላው ወገን የሚቀርበው ማስረጃም ግን ቸል የሚባል አይደለም። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዋ እሌኒ ገብረ መድህን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት የኢትዮጵያ የእህል ገበያ ጥናት ደላሎች በማይተዋወቁ ነጋዴዎች መካከል ሆነው የፍለጋን ድካምና ወጪ እንደሚቀንሱ አሳይተዋል። ያለ እነሱ ብዙው ግብይት ባልተካሄደም ነበር።

ይህ ግን ለፈረስ እንደወረደ አይሠራም። እህል በናሙና ይታያል፣ በኩንታል ይለካል፤ አንድ ኩንታል ነጭ ጤፍ ከሌላው ብዙ አይለይም። እያንዳንዱ ፈረስ ግን ራሱን የቻለ ነው። የእህል ደላላ በየቀኑ ከነዚያው ነጋዴዎች ጋር ስለሚሠራ ስሙን ይጠብቃል፤ ፈረስ ገዢ ግን በብዙ ዓመት አንዴ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ስለ ደላላ ትክክለኛው ጥያቄ ጨዋ ነው ወይስ ሌባ የሚለው ብቻ አይደለም። የሚከፍለው ማን ነው? መቼ ነው የሚከፈለው? ነገ የሚፈልገው ማንን ነው? ክፍያው እጅ በተመታ ቅጽበት ካለቀ ደላላውን ከፈረሱ ጤና ጋር የሚያስተሳስረው ነገር የለም። ግማሹ ክፍያ ከ15 ቀን በኋላ ቢሆን ያው ሰው ሌላ ዓይነት ደላላ ይሆናል።

«ውልና ሐኪም ይኑር»

ሦስተኛው ወገን የሚመካው በሕግና በሙያ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሸጠው ነገር ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ሻጩን ዋስትና ያስገባዋል (ቁጥር 2287)። ገዢው ደግሞ በመጀመሪያው አጋጣሚ የገዛውን መመርመርና ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ማስታወቅ አለበት። በተንኮል የተገኘ ስምምነትም ሊፈርስ ይችላል (ቁጥር 1704)። ሕጉ እንግዲህ አለ፤ የሚጎድለው ማስረጃ ነው። በቃል የተደረገ የፈረስ ሽያጭ የጸና ነው፤ ነገር ግን «ዕድሜው ስድስት ነው ብለኸኝ ነበር» የሚለውን ማን ይመሰክራል? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የቁም እንስሳት ግብይት አዋጅ ቁጥር 819ም በዋናነት የሚያስበው ለሥጋና ለወጪ ንግድ የሚቀርቡ እንስሳትን ነው። የጋሪ ፈረስ የዚህ አዋጅ ዋና ትኩረት አይደለም።

ሌሎች አገሮች መንገዱን በተለያየ አቅጣጫ ሞክረዋል። በጥንቷ ሮም የገበያ ሹማምንት የጭነት እንስሳ ሻጭ በሽታና ጉድለትን በግልጽ እንዲናገር ያስገድዱ ነበር። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1899 ለፈረስ ስድስት ዋና ዋና ጉድለቶችን ለይታ፣ በ14 ቀን ውስጥ ከነዚህ አንዱ ከታየ ሻጩ ተጠያቂ እንዲሆን ደነገገች፤ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነው ግን በገዢው ላይ ይወድቃል። ሥርዓቱ እስከ እ.ኤ.አ. 2002 ቆይቷል። ስዊዘርላንድ ደግሞ ሻጩ ሆን ብሎ ካላታለለ በቀር የከብት ዋስትናን በጽሑፍ ለተሰጠ ቃል ብቻ ወሰነችው። በእንግሊዝ ሐኪም ፈረሱን በአምስት ደረጃ ይመረምራል፤ ደሙንም ወስዶ ለስድስት ወር ያስቀምጣል፤ በኋላ ማስታገሻ ተወግቶ እንደነበር ከተጠረጠረ ደሙ ይፈተሻል።

ለጣና ዙሪያ ከነዚህ ሁሉ የሚስማማው የጀርመኑ ሐሳብ ይመስለኛል፤ አጭር፣ ሁሉም የሚያውቀው የጉድለት ዝርዝርና አጭር ቀን። ቤተ ሙከራ አይጠይቅም። የእንግሊዙ ግን ውድ ነው፤ የሐኪሙ ዋጋ ከአንድ የጋሪ ፈረስ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የሚቀመስ አይሆንም።

ያልተቋጩ ጉዳዮች

ሦስት ነገሮች አሁንም አከራካሪ ናቸው። የመጀመሪያው የዝምታ ጉዳይ ነው። ያልተጠየቀውን ያልተናገረ ሻጭ አታለለ ወይ? የገበያው ልማድ «ዓይንህ የት ነበር?» ይላል፤ ሕሊና ግን ሌላ ይላል። ሚዛናዊው ድንበር በሚታይና በማይታይ ጉድለት መካከል ይመስላል። ገጣባን ያላየ ገዢ ራሱን ይውቀስ፤ መደንበርንና መራገጥን ግን ከሻጩ በቀር ማንም አያውቅም፤ ሳይጠየቅም መናገር አለበት።

ሁለተኛው ሻጩም ያላወቀው በሽታ ኪሳራ በማን ላይ ይውደቅ የሚለው ነው። በሻጩ ላይ ከወደቀ ጨዋው ሰው ያለ ጥፋቱ ይቀጣል፤ በገዢው ላይ ከወደቀ ደግሞ ማንም ሻጭ ለማስመርመር አይተጋም። ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ክትባት ያመርታል። ክትባቱ እስኪሠራ ሳምንታት ስለሚፈልግ ፈረሱ ከደጋ ከመውረዱ በፊት ቢሰጥ ከዚህ ክርክር አንዱን ክፍል ከሥሩ ያቀለዋል።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው፤ የፈረሱ ጉዳይ። የተደበቀ ጉድለት ያለው ፈረስ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል፤ እያንዳንዱ ገዢ ኪሳራውን ለማካካስ ይበልጥ ይጭነዋል። በመጨረሻ መንገድ ዳር የሚጣለው እሱ ነው። ንፍፊቱ ያበጠው ፈረስ በድብቅ ሲሸጥ ደግሞ በዝንቡና በጋራ መጫኛው በኩል የጎረቤቱን ፈረስ ይበክላል። ማታለል እዚህ ላይ የሁለት ሰዎች ጉዳይ መሆኑ ያበቃል።

ከዳሰሳው የሚገኘው ፍርድ

ሦስቱ መልሶች የሚፎካከሩ ይመስላሉ እንጂ እያንዳንዱ የሚጠብቀው የተለየ አደጋ ነው። ዓይን የዛሬን ጉድለት፣ ስም ውሸትን፣ ውልና ሐኪም ደግሞ ሁለቱም የማያዩትን ይጠብቃሉ። አንዱን ይዞ ሌላውን የሚተው ገዢ በተወው በኩል ይጎዳል።

ከሁሉ በላይ ግን የነጋዴን ታማኝነት ከፊቱና ከአነጋገሩ ለማንበብ መሞከር ደካማው መንገድ ነው። ጨዋነት በገበያ ውስጥ የሚጸናው መዋሸት ዋጋ ሲያስከፍል ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው ቀላል ነው፤ ነገ የት አገኝሃለሁ? ማን ያውቅሃል? ያልከውን በሁለት ምስክር ፊት ትጽፍልኛለህ? ፈረሱን ለሁለት ሳምንት አሠርቼ ባይሆን ትመልሳለህ? እነዚህን በደስታ የሚቀበል ነጋዴ ውስጡን ባናውቀውም ከእሱ ልንገዛ የምንችል ነጋዴ ነው፤ የሚሸሽ ከሆነ ፈረሱ ምንም ቢያምር ይለፍ።

የቀረው የወረዳውና የማኅበረሰቡ ሥራ ነው። በገበያ ቀን በከብት ተራ የሚገኝ አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ዕድሜን፣ እግርን፣ ጀርባንና ንፍፊትን የሚመዘግብ አንድ ገጽ ካርድ፣ የሻጭና የገዢ ፊርማ፣ የ14 ቀን የመመለሻ ጊዜ። ይህ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የቆጋን ውሃ ወደ ማሳ ማድረስ የቻለ አካባቢ ያንን ምርት የሚጎትተውን ፈረስ በቅንነት የሚገዛበትን ሥርዓት መሥራት አያቅተውም።